ጎማው ቀድሞን ሄደ!

ስለ ቀናተኛ ባል፣ ስለ ከዳተኛ ጓደኛ፣ ስለ አማት ነገር በዚህ ዓምድ ብዙ አንብባችኋል። የእኔን ትዳር ሊያፈርሰው የነበረው ግን ሌላ ሴት አይደለችም፣ አማቴም አይደሉም። ተሳቢ ነው! አዎ፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ ጀልባ የሚጫንበት ባለሁለት ጎማ ብረት። አትሳቁ፤ መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ አንድ ሐሳብ መጣለት። «ጀልባ እንግዛ!» ቱሪስቱን፣ ሙሽራውን፣ ሽርሽር የወጣ ተማሪውን ከባሕር ዳር ዘጌ እያመላለስን እንድናልፍለት። ልክ በዚያ ሰሞን እቁቤ ደርሶኝ ነበር። ብሩን ለወርቅ ነበር ያሰብኩት። ትቼው ለጀልባ አዋልኩት፤ እናቴም በሬ ሸጣ ያስቀመጠችውን ጨመረችልኝ። እንግዲህ የእናቴም በሬ እዚያ ጀልባ ውስጥ አለ ማለት ነው።

አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ለዓመታት የቆመ የፋይበር ግላስ ጀልባ ተገኘ። የቀድሞ ባለቤቱ ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ እየወሰደ ይዝናናበት ነበር አሉ። ተሳቢውም አብሮ ነው የሚሸጠው። ይህን ስሰማ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አጎቴ «ልጄ፣ ቆሞ የኖረ ነገር አትመኚ። ኩሽኔታውንና ጎማውን ሳያስቀይር ዓባይ በረሃ እንዳይገባ!» አለኝ። ስለዚህ የኩሽኔታና የጎማ ብሎ ለብቻው ቆጥሬ ሰጠሁት። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሄደ፤ በሳምንቱ ደወለ። «ሁሉም ተቀይሯል፣ ነይና እይው!»

ሄጄ አየሁት። ተሳቢው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ጎማዎቹም ጥቁር ነገር ተቀብተው እንደ አዲስ ጫማ ሆነዋል። ጀልባው ውስጥ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ፤ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው ቴፕ! «ይሄ ከየት መጣ?» ስለው «በቅናሽ ነው ያገኘሁት» አለኝ። ደስ አለኝ እንጂ ምን ገባኝ?

ጥቅምት ውስጥ በጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሳን። እስከ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለባዶ መኪና እንኳን ፈተና ነው። በረሃውን በሰላም ወጣን፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ደጀን ላይ ሻይ ጠጥተን ስንነሳ ግን የተቃጠለ ዘይት የመሰለ ሽታ ሸተተኝ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የፍሬን ሸራ ነው። በረሃ የወረደ መኪና ሁሉ ይሸታል» አለኝ።

ደብረ ማርቆስ ሳንደርስ ከኋላችን የሚያንጓጓ ድምፅ መጣ። መኪናው ጎተት አለና በእኔ መስኮት በኩል አንድ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ አለፈን። ባለቤቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ደግሞ የማን ጎማ ነው?»

ልብ በሉ፣ በዚያ ጥግ ልጅ ያዘለች ሴት ጀሪካን ይዛ እየሄደች ነበር። ጎማው በእሷና በቦዩ መካከል አለፈ። እጇን ብትዘረጋ ትነካው ነበር። ድንጋይ መታና ዘለለ፣ ቦዩን ተሻግሮ ጤፍ ማሳ ውስጥ ተኛ። ሴትየዋ ጀሪካኗን ጥላ ቁጭ አለች፤ እኔም ከመኪና ወርጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሁለታችንም አልተናገርንም። የልጁ እግር ከነጠላው ወጥቶ ሲወራጭ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ገበሬዎቹ ተሰበሰቡ። አንዱ ጀልባውን ዞሮ ዞሮ አየውና «እህቴ፣ ይሄ ታንኳ በምድር ይሄዳል እንዴ?» አለኝ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ባለማሳው ግን የተኛ ጤፉን አሳይቶ ካሳ ጠየቀ፤ አልፈርድበትም።

ከደብረ ማርቆስ የመጣው መካኒክ ዕድሜው ከእኛ ብዙም አይበልጥም። መሐል ላይ ያለውን፣ እነሱ ሞዞ የሚሉትን፣ ከፈተው። ከውስጥ የወጣው ግሪስ አይመስልም፤ ቡና የነካው ወተት ነው የሚመስለው። ኩሽኔታው በዝገት ተበልቶ፣ ኳሶቹ ተሰባብረው፣ ብረቱ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ልጁ ወደ ባለቤቴ ሳያይ «ይሄ ነገር ከተከፈተ ዓመታት አልፈውታል» አለ። እኔ ባለቤቴን አየሁት። እሱ ጫማውን አየ።

ቴፑ! ለካ የኩሽኔታው ብር ነው የሚዘፍነው!

ባሕር ዳር እስክንገባ አንድ ቃል አልወጣኝም። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ቤት ገባሁ። በሳምንቱ አባቱና የነፍስ አባታችን ለሽምግልና መጡ። አባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ልጄ፣ ሌላ ሴት ይዞብሽ ነው?» አሉኝ። «የለም አባ፣ ኩሽኔታ ሳይቀይር ነው» አልኳቸው። ሽማግሌው አባቱ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። እኔ ግን አልሳቅሁም። አስቡት እስቲ፤ ሌላ ሴት ቢይዝ እኔን ነው የሚጎዳው። ያቺ ሴትና ያዘለችው ልጅ ምን አደረጉት?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ በአንድ ውል። ከዛሬ ጀምሮ ያ ሞዞ ሲከፈት ሁለታችንም እንቆማለን። ቴፑ ተሸጠ። በብሩ ኩሽኔታና ጎማ ተገዛ፤ ባሕር ዳር ያሉ አንድ ጋሼ ደግሞ ሥራውን አስተማሩን። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች «እሷም ግሪስ ልትነካ ነው?» እያሉ ሲሳሳቁ ጋሼ «ከእናንተ የእሷ እጅ ይሻላል፣ ሊጥ ያውቃል» አሏቸው። ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ጀልባ ባይኖራችሁም ጋሪም፣ ባጃጅም፣ የጭነት ተሳቢም ኩሽኔታ አለው።

ተሳቢውን በክሪክ አንስታችሁ ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩትና ስሙ። ጤነኛ ከሆነ ዝም ይላል፤ ከታመመ ወፍጮ ቤት ያለ ነው የሚመስለው። ከዚያ ላይና ታቹን ይዛችሁ ነቅንቁት። ወዲያና ወዲህ ካለ ውስጡ ላልቷል ማለት ነው። ሲከፈት አሮጌው ግሪስ በናፍጣ ታጥቦ ይወጣል፣ ኩሽኔታው በደንብ ይደርቃል፣ አዲሱ ግሪስ ደግሞ በመዳፍ ተጨምቆ በሌላው ወገን ብቅ እስኪል ድረስ ይገባል። ላይ ላዩን መቀባት ዋጋ የለውም። ዳዶውን ጎማው እየተሽከረከረ አጥብቁና ትንሽ መለስ አድርጉት፤ አንቆ ከያዘ ራሱን ያቃጥላል። ዳዶውን የምትይዘው ቀጭን ፒን ሁልጊዜ አዲስ ትሁን። አሮጌዋን አቃንቶ መመለስ የሰነፍ ሥራ ነው ይላሉ ጋሼ።

ግን ውሃ እዚያ ውስጥ እንዴት ገባ? ይሄን ስሰማ ነው የገረመኝ። ጀልባው ከረጅም መንገድ ሲደርስ ሞዞው ግሏል፤ ውስጡ ያለው አየርም ሞቆ ሰፍቷል። ባለጀልባው ደግሞ ይቸኩላል፤ እንደ ደረሰ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሐይቅ ውስጥ ይነክረዋል። የጋለው ብረት ድንገት ሲበርድ አየሩ ይሰበሰብና ውሃውን በላስቲኩ ጥግ ወደ ውስጥ ይመጥጠዋል። የእኛው የጠጣው ላንጋኖን ነው፤ ከዚያም ሸራ ለብሶ ለዓመታት ሲዝግ ኖረ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደርሳችሁ ሻይ ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ ሞዞው በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ጠብቁ። የመብራቱንም ገመድ ሳትነቅሉ ውሃ እንዳትገቡ። በመንገድ ላይም በየማረፊያው ወርዳችሁ የእጃችሁን ጀርባ ሞዞው ላይ አስጠጉ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ቁሙ።

ጎማን ደግሞ በጥርሱ አትመኑት። የእኛው ጥርሱ ሙሉ ነበር፤ ጥቁሩ ቅብ ሲለቅ ጎኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አየሁት። ጎኑ ላይ ከተጻፉት መካከል 4 ቁጥሮች ለብቻቸው አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። የእኛው 0906 ይል ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2006 ዘጠነኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎሚስታው ሲያሳየኝ እንደ ልደት ካርድ አነበብኩት።

በነገራችን ላይ ባለታንኳዎቻችን ይሄን ሁሉ ያውቁታል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ዳር ላይ ተጎትቶ ፀሐይ ይሞቃል። የእኛን ሰው ደግሞ እዩት፤ ጀልባውን ውሃ ላይ ያስርና ተሳቢውን ለሣርና ለዶሮ ይተወዋል።

ጣና ዳር ሌላም ነገር አለ። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ ሞልቶ ዳሩ ቅርብ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ውሃው ይሸሽና ተሳቢው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከመጠን በላይ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። ስለዚህ ጣውላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ድንጋይ ብቻውን አይበቃም። እምቦጭንም አትርሱ። ጣና ላይ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ነው። ከአንዲት ቁራጭ ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። ተሳቢውና ጎማው ላይ የተጠመጠመውን ሳታራግፉ፣ ሳታጥቡና ሳታደርቁ ቆጋ ግድብን ወደመሰለ ሌላ ውሃ ብትሄዱ አረሙን በገዛ መኪናችሁ ሸኛችሁት ማለት ነው።

ባለፈው ግንቦት ጀልባውን አወጣነው። እኔ ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ባለቤቴ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱንም ጎማ ጨርሶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ዕቃውን ሰብስቧል።

«አንቺን ላለማድከም ብዬ ነው። ሁሉም ተቀይሯል» አለኝ።

ያንኑ ቃል! እሱም ከአፉ ከወጣ በኋላ ሰማው መሰለኝ፤ ዝም አለ። የምናገረው ጠፋኝ። ከዚያ ካቻቢቴውን አንስቼ ወደ ቀኙ ጎማ ሄድኩና ክዳኑን ከፈትኩት። ግሪሱ ንጹሕ ነው፣ ፒኗም አዲስ ናት። ባለቤቴ ምንም ሳይለኝ ባትሪውን አብርቶ ያዘልኝ። የግራውንም ከፈትኩት።