የጓዝ ማንሻው ዕዳ

የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም። የእህቴ ልጅ ቴፒ አካባቢ ካለ የቡና እርሻ ሥራ ሲያገኝ ጓዝ ማንሻ ተሰጠው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከለቀቀ ሙሉውን ሊመልስ ፈረመ። ዋሱ እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ወረቀት ብቻ እኮ ነው» አለኝ።

ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጅማ፣ በቦንጋ፣ በሚዛን ተፈሪ። ይሁን እንጂ የእርሻ ምሩቅ ከዚህ ሌላ ምን ይመኛል? ቡና ተካይ ሳይኖረው በጫካ የሚበቅልበት አገር ነው። ጌሻም ሩቅ አይደለም። ከዚያ ደን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደው ዘር በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ አልፎ ፓናማ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያው ተወዳድሮ ዓለምን ጉድ አሰኘ። (ያ ዘር ሲወጣ ዋስ አምጣ ያለው የለም።) ልጁ የጥላ ዛፉን አያያዝ፣ የጀንፈሉን አደራረቅ ለምዶ ነበር። ቡና ቅምሻ እንዲሠለጥንም ስሙ ተይዞለት ነበር። ለቀማው ሊጀመር ሲል ጥሎ መጣ፤ አዲስ አበባ በጥቂት ብር የምትበልጥ የሽያጭ ሥራ አግኝቶ።

ከዚያ ሙግቱ መጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የለቀቀ ሠራተኛ የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ልጁ ይህን ይዞ ቆመ። አሠሪው ደግሞ «ካሳ መቼ ጠየቅን? የሰጠነውን ነው» አለ። አዋጁ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥም ይከለክላል፤ ግን ከሄደ ሰው ምን ደመወዝ ይቆረጣል? ደብዳቤው ወደ እኔ መጣ፤ ከፈልኩ።

ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቷል እኮ! ያ ሁሉ ወር እንዳልተሠራ ተቆጠረ። «ባገለገለበት ወር ልክ ይቀነሳል» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ላይ ብትጨመር ነገሩ ባለቀ ነበር። ውሉ የተፈረመ ቀን ግን ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ይስማማል፤ የሚጠይቅ አልነበረም። እርሻውስ ምን አተረፈ? ብሩን አስመለሰ፤ ለቀማው ሲደርስ ግን ያሠለጠነው ልጅ የለም።

አሁን የሴራሚክ ናሙና ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። የበለጠችውን ብር የቤት ኪራይ በላት። አንዳንዴ ቡና ስንጠጣ «ጋሼ፣ ቅምሻውን እንኳ ተምሬ ብወጣ ኖሮ…» ይለኛል። ማን ከለከለህ ልለው አፌ ላይ ይደርስና እውጠዋለሁ።