ለገና ላሊበላ የት ይታደራል?

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መምህር ቤት ክርክር ተነሣ። ለገና ላሊበላ መሄዱ አላከራከረም። ያከራከረው የት ይታደራል የሚለው ነበር።

ቤተሰቡ ስድስት ነው፦ ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆችና የባልየው እናት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግንም ላስታንም ሲያዳርስ ጉዞው ተቋርጦ ቀረ። ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት ገንዘብ ይጠፋል፣ አንድ ዓመት መንገዱ ያሰጋል። ትንሿ ልጅ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ብቻ ነው። አያቷ ደግሞ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር በእግራቸው ላሊበላ የደረሱ ናቸው። አሁን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንዴ ልሳለመው» ካሉ ቆዩ። ሌላ ገና ይደርሱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

መምህሩ ስልክ ደወለና ሁለት ዋጋ ይዞ መጣ። አንደኛው ሆቴል መሃል ከተማ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ዋጋው የበዓል ዋጋ። ሁለተኛው ከከተማው ዳር ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ክፍሉ ሰፊ፣ ዋጋው የመጀመሪያው ሲሶ። ለአንድ የመንግሥት መምህር ይህ ልዩነት የልጆች ጫማና ደብተር ነው። ስለዚህ ዳሩን መረጠ።

እናቱ ሁለቱንም አልፈለጉም። «ዘመድ ሞልቶ ምን ሆቴል አስኬደን?» አሉ። እውነት አላቸው። ዋግና ላስታ በደም የተሳሰረ አገር ነው፤ የዛጔ ነገሥታት አገዎች ነበሩ፣ ዋግሹሞችም የትውልድ ሐረጋቸውን ከእነሱ ይቆጥሩ ነበር። ሰቆጣ ተወልዶ ላሊበላ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የሌለው ጥቂት ነው።

ሚስትየው ግን በትሕትና መለሰች፦ «እማማ፣ ለገና እኮ ዘመዶቻችን ቤት እግር ማስገቢያ የለም።» ይህም እውነት ነው። የላሊበላ ሰው በገና የማያውቀውን መንገደኛ እግር አጥቦ፣ አብልቶ የሚያሳድር ሕዝብ ነው። በዚያ ላይ ስድስት ሰው መጨመር ነጻ ማደር አይደለም፤ ሂሳቡን ሌላ ሰው ከፈለው ማለት ነው።

ቀጥላ የባሏን ሂሳብ ፈተሸችው። ስድስት ሰው በአንድ ባጃጅ አይጫንም፤ ሁለት ያስፈልጋል። ጠዋት ሄዶ ለቀትር ዕረፍት መመለስ፣ ከሰዓት እንደገና ሄዶ ማታ መመለስ አለ። ይህ በቀን ስምንት የባጃጅ ኪራይ ነው። በዋዜማው ደግሞ መንገዱ በሰው ስለሚሞላ፣ ከፍለህም ባጃጁ ደጃፍ ድረስ አያደርስህም። «ርካሽ ያልከው ክፍል ቀትር ላይ ካልተገባበት ለምን ይጠቅማል?» አለችው።

ይኸው ጥያቄ በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶም መጣ። አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሟ ልጆቹን ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ ሊወስድ እያሰላ ነበር፤ መዝናኛው ግቢ ውስጥ ያለ ሆቴል ይያዝ ወይስ ውጭ ያለ ርካሽ? ይህ ምርጫ ለዲዝኒ ኩባንያ ራሱ የቆየ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድ ሲከፈት ዙሪያውን የሌሎች ነጋዴዎች ሞቴሎች ከበቡት፤ የእንግዳውን የመኝታ ገንዘብ ጎረቤት ወሰደው። ስለዚህ ኩባንያው ፍሎሪዳ ላይ አስቀድሞ እጅግ ሰፊ መሬት ገዛ፤ በ1971 መዝናኛውን ሲከፍትም እዚያው ግቢ ውስጥ ሆቴሎቹን አብሮ ከፈተ። ወንድምየው በስልክ እንዲህ አላት፦ «ውስጥ ካደርን ቀትር ላይ ሕፃናቱን አስተኝተን እንመለሳለን። ውጭ ካደርን ግን አንዴ ከወጣን ወጣን ነው።»

ላሊበላም ያው ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለብቻው ነው። ሁሉም ወደ ታች የተፈለፈሉ በመሆናቸው መሳለም ማለት በዓለት ደረጃ መውረድ፣ በጠባብ መተላለፊያ ማለፍና እንደገና መውጣት ነው። የታመመ ጉልበት ያላቸው አረጋዊት አንዱን ወገን ተሳልመው ማረፍ አለባቸው፤ ውኃና መጸዳጃ ቤትም ቅርብ መሆን አለበት። አባትየው በብር ያሰላውን ልዩነት በጉልበት የሚከፍሉት እናቱና ትንሿ ልጅ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረ። መሃል ያለው ሆቴል ዋጋው «ቁርስን ጨምሮ» ነበር። እናቱ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፦ «በነቢያት ጾም እንቁላሉን ማን ሊበላው ነው?» መምህሩ መልሶ ደወለና ቁርሱ ይቅር አለ። ትንሽ ተቀነሰለት።

በመጨረሻ የተስማሙበት የሁለቱም ሐሳብ አልነበረም። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁሉም ዳር ያለው ሰፊ ክፍል ያድራሉ። ለዋዜማው ግን መሃል ከተማ አንድ ክፍል ብቻ ይይዛሉ። ሁለት ክፍል ለምን? በዚያ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሆቴል የሚያድር የለም። ክፍሉ የሚፈለገው ለቀትር ዕረፍት፣ ለመታጠቢያና ሌሊት እንቅልፍ ላሸነፈው ልጅ ነው።

እንዳሰቡትም ሆነ። እናቱ በዋዜማው ቀትር ላይ ሁለት ሰዓት ተኙ፤ ሌሊቱን ሙሉ ነጠላቸውን ተከናንበው ከሕዝቡ ጋር ቆዩ። ትንሿ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ስትንቀጠቀጥ እናቷ አዝላ ወስዳ አስተኛቻት፤ ታላቅ እህቷ አብራት ቀረች። ጠዋት ቀሳውስቱ በቤተ ማርያም ማሜ ጋራ ላይ ቆመው፣ ከታች ካሉት ጋር እየተቀባበሉ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ስድስቱም አብረው ነበሩ። ያ ክፍል ከከተማው ዳር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሦስቱ አይኖሩም ነበር።

እዚህ ላይ ለላሊበላ ባለሆቴሎች የሚባል ነገር አለ። ብዙዎቹ ሆቴሎች የተሠሩት መኪናና አስጎብኚ ይዞ ለሚመጣ የውጭ እንግዳ ነው። ኮሮና ሲመጣ፣ ጦርነቱም ሲከተል ያ እንግዳ ቀረ። በ2014ቱ ገና፣ ከተማዋ ከጦርነት በወጣች በሳምንታት ውስጥ፣ ደጁን የሞላው የአገር ሰው ነበር። ከሰቆጣ፣ ከኮረም፣ ከወልዲያ ለሚመጣ ቤተሰብ የግማሽ ቀን ክፍል፣ የጾም ቁርስ፣ ለአምስትና ለስድስት ሰው የሚበቃ መኝታ፣ ከወር በፊት በግልጽ የሚነገር የበዓል ዋጋ ማዘጋጀት ኪሳራ አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ የማይቀረው ደንበኛ ይህ ነው።

ለገና የሚነሣ ቤተሰብም የሆቴል ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ከመካከሉ ቶሎ የሚደክመው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። መኝታው ለእሱ ይመረጥ፤ የቀረው ሰው ሜዳም ላይ ቢሆን ያድራል።