ለሥጋ ቤት የቱ የዝንብ መብራት?

ሥጋ ቤት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የዝንብ መብራት ልትገዙ ነው? እኔ ቁርጥ በሚበላበት ቤት ያንን ጧ የሚያደርገውን የኤሌክትሪክ አልወድም። ዝንቧ ስትቃጠል ብናኟ ይረጫል፤ ከሥር ደግሞ የሰው ትሪ አለ። ለዚህ ነው ለቤቴ ባለሙጫውን የመረጥኩት፤ እዚያው ተጣብቃ ትቀራለች። ሙጫውን በየጊዜው መቀየር ወጪ ነው፤ ግን ደንበኛ አንዴ ከተጸየፈ አይመለስም።

አምፖሉ 365 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበራ ይሁን፤ ዝንብን የሚስባት እሱ ነው። መስኮት አጠገብ አትስቀሉት፣ የፀሐዩ ብርሃን ይበልጠዋል። ከውጭ በሚታይበት በር ላይም አይሁን፤ የደጁን ዝንብ "ኑ ግቡ" ማለት ነው። ዓመት የሞላው አምፖል ሰማያዊ ቢበራም የሚስበው ጨረር ደክሟል፤ ቀይሩት።

ከሁሉ በፊት ግን ደሙና አጥንቱ ከጓሮ ይነሳ። ቆሻሻው እያለ መብራት ብቻውን ምን ያደርጋል?