ከጉና አናት እስከ ጣና ዳርቻ

በሰሜኑ ዓለም ሰዎች ጠዋት በሄሊኮፕተር ግግር በረዶ ላይ አርፈው፣ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ባለ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ በእግራቸው እንደሚጓዙ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪ «ለእኛስ?» ብላ ጠየቀችኝ። በአገራችን ግግር በረዶ የለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ጥንት የነበረው ድንጋዩን ፍቆ ያለፈበት ምልክት ብቻ ቀርቷል። በኪሊማንጃሮና በኬንያ ተራራ ያለውም ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሸሸ ነው። ከላይ ውኃ አምቆ ለታችኛው አገር የሚያካፍል ተራራ ግን ፎገራም አላት፤ እርሱም ጉና ነው።

በኅዳር ወር ከተማሪዎቼ ጋር በሚኒባስ ከወረታ ተነሣን። ሩዙ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል። የወልዲያውን መንገድ ይዘን ደብረ ታቦር አደርንና ሱብሒን ሰግደን ወደ ጉና አቀናን። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የወረታ ልጆች ለካ ብርድ አያውቁም! ጋቢ ያልያዙት ጥርሳቸው ተንቀጫቀጨ። ውርጩ ጓሳውን አንጥቶት ነበርና ልጆቹ በመዳፋቸው እያፈሱ ሲቀልጥ ያዩት ጀመር። ጅብራው በየቦታው እንደ ዘበኛ ቆሟል።

ጓሳውና አስታው ባሉበት መሬቱ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ የክረምቱን ዝናብ እንደ ሰፍነግ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ርብና ጉማራ ከዚህ ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሣሩ ተነሥቶ ገብስ በተዘራበት ተዳፋት ግን ያየነው ጎርፍ የቦረቦረው ጉድባ ነው። ያ አፈር የት እንደሚሄድ ለፎገራ ሰው መንገር አያሻም። የርብ ወለል በደለል እየሞላ ውኃው በዳር ይወጣል፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት ስንቱን ቤት እንዳጥለቀለቀ የሚያስታውሱ ወላጆች በየቤታችሁ አሉ።

በማግስቱ ወደ ናበጋ ወርደን የሐይቁን ዳር በእግር ያዝን። የእኛ የባሕር ዳር ደን ደንገል ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ የሚጎጆበት። በራሱ ላይ እንደ ዘውድ ወርቃማ ላባ የደፋ ረጅም እግር ወፍ አየን፤ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ ወዲያ ግን የሚታየው በ2004 ዓ.ም ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ሥሩ ግን ጀልባ አያሳልፍም። ከተራራው የሚወርደው ደለልና ከማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያ ቀለቡ ነው።

ከዳር አንድ ወይጦ አዛውንት ታንኳ ሲያስሩ አገኘን። ወይጦዎች ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው፤ ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸው ከጣና ጋር የተሳሰረ ነው። ሰላምታ ሰጥተን ተቀመጥን።

«አባባ፣ ደንገሉን ከየት አመጡት?» አለች ያችው ተማሪ።

አዛውንቱ ገመዱን በጥርሳቸው አጥብቀው እጃቸውን ወደ ሰሜን ዘረጉ። «ድሮ እዚሁ እቤቴ ደጃፍ ነበር፣ ልጄ። አሁን ግማሽ ቀን ቀዝፌ ነው።»