ሲስተር አበባቸውን የቆረጡ ዕለት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ በብሎኩ ሰው ሁሉ ዘንድ ስማቸው አንድ ነው፤ ሲስተር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስል ያጠቡ፣ ስፌት የፈቱ፣ የሰው እግር ሲቆረጥ አጠገብ ቆመው መሣሪያ ያቀበሉ ሴት ናቸው። እኚህ ሴት አንዲት የአበባ ግንድ ለመቁረጥ አራት ዓመት ፈጀባቸው ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አበባ ትባል እንጂ የምትታየው ቅጠሏ ነው። ወፍራም፣ ውሃ የቋጠሩ ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። ሻጮች ሳኩለንት ይሏታል፤ የመጽሐፍ ስሟ ኤቼቬሪያ ነው። ሲስተር ግን በአንዱም ጠርተዋት አያውቁም። ለእሳቸው "የእትዬ" ናት።

እትዬ የድሮው ግቢ ጎረቤት ነበሩ። ልደታ ፎቅ ሳይሆን ጭቃ ቤት በነበረበት ዘመን፣ ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት በሚኖርበት ግቢ፣ እትዬ ከራሳቸው አበባ ሥር ቡቃያ ገንጥለው በወተት ጣሳ ሰጧቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሲስተር እዚሁ ልደታ ቀሩ፤ እትዬ ወደ ጀሞ ሄዱ። ዕቃ ሲጫን የእትዬ አበባ ቁም ሳጥን ወደቀባት፤ አለቀላት። "ግድ የለም፣ ከአንቺ እወስዳለሁ" አሉ እትዬ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ሄዱ። ሳይወስዱ ሞቱ። አራት ዓመት ሆናቸው።

እንግዲህ አበባዋ ከዚያ በኋላ አደራ ሆነች።

አደራዋ ግን ታማ ነበር፤ ያሳመሟትም ሲስተር ራሳቸው ናቸው፤ በፍቅር ብዛት። ወደ አዲሱ ቤት ሲገቡ የክብር ቦታ ይገባታል ብለው ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ፣ ከዳንቴል በላይ አስቀመጧት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሏታል። በላይዋ ያለው ነጭ ዱቄት አቧራ መስሏቸው ነው። አቧራ አልነበረም። ተክሏ ራሷ የምታወጣው፣ ከኃይለኛ ፀሐይና ከውሃ የሚጠብቃት ቅባት መሰል ልብስ ነው፤ ከአንድ ቅጠል ላይ አንዴ ከተጠረገ እንደነበረው አይመለስም። የሚሸጡት ሰዎች ይህን ለገዢ ቢናገሩ ምን ነበረበት?

ዋናው ግን ብርሃን ነው። የኤቼቬሪያ ትልቁ ሀገሯ ሜክሲኮ ነው፤ ከልደታ ጎን ያለው አደባባይ ሳይሆን አገሩ። ስሟንም ያገኘችው አታናሲዮ ኤቼቬሪያ ከተባለ ሜክሲኳዊ የዕጽዋት ሠዓሊ ሲሆን፣ ስሙን የሰጣት ስዊዘርላንዳዊው ዴ ካንዶል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1828። (ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች አደባባዩን በስሟ ሰየምንላት፤ በዋና ከተማቸውም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። አበባዋ ባዕድ ናት የሚል ካለ ይህን ይያዝ።) ዝርያዎቿ የተላመዱት ከፍታ ላይ ካለ ገደልና ድንጋይ፣ ከጠራ ፀሐይ ጋር ነው። አዲስ አበባ በከፍታዋ አታሳፍራትም፤ ሳሎን ግን ጨለማ ነው። ብርሃን ያጣች ኤቼቬሪያ ፍለጋ ትወጣለች፤ ግንዷ ይመዘዛል፣ ቅጠሎቿ ይራራቃሉ፣ የታችኞቹ ይረግፋሉ። መጨረሻ ላይ ራሷ ብቻ ከላይ ቀርቶ፣ አንገቷን አስግጋ ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች። ኋላ ወደ ፀሐይ ቢያወጧትም አዲሱ ቅጠል ይሰበሰባል እንጂ የተመዘዘው ግንድ አያጥርም። መፍትሔው መቁረጥ ነው።

ልጃቸው ይህን ከስልኳ አንብባ ስንቴ ነገረቻቸው። "እማዬ፣ ይቆረጥ እንጂ።" መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "የሰው አደራ አይቆረጥም።"

ሲስተር በመስማማት ፈንታ በረንዳ ላይ አወጧት፤ ያውም ብረቱ ላይ። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ከፈቀደ ነው። አንድ ክንድ የረዘመ ቀጭን ግንድ፣ ከላይ ውሃ ያዘለ ከባድ ራስ፣ ከታች ቀላል ጣሳ። መጋቢት ላይ ነፋስ ተነሣና ጣሳው ሄደ። የወደቀው ውሃ የመጣ ዕለት ጀሪካን ከተደረደረበት፣ የአንደኛ ፎቁ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከሚቀዳበት፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ነው።

ማንም አልተነካም። ኮሚቴው ግን በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። በረንዳ ብረት ላይ ያለ ማሰሮ ሁሉ ይውረድ ተባለ፤ ሰብሳቢው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ብለው የጋራ ሕንፃውን ሕግ ጠቀሱ፤ አንብቤዋለሁ ያለ አልተገኘም። የልጁ አባት ስብሰባው ላይ ምንም አልተናገረም። ማታ የሲስተርን በር አንኳኳ። አበባዋን ከነአፈሯ በፌስታል ይዟት ነበር።

"ሲስተር፣ ልጁም ተርፏል፣ እሷም ተርፋለች" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምላጭ አወጡ። በአልኮል ጠረጉት። ከራሷ በታች ሁለት ጣት ያህል ግንድ ተዉና በአንድ ጊዜ ቆረጡት፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ልጅቱ ቶሎ ብላ ራሱን እርጥብ አፈር ውስጥ ልትተክል ስትል እጇን ያዟት። "ቁስል ሳይደርቅ ውሃ አይነካውም።" ይህን ከስልክ አላነበቡትም፤ ግን ልክ ነበሩ። እርጥብ ቁርጥ መሬት ከገባ ይበሰብሳል። ስለዚህ ራሱ ጥላ ውስጥ፣ ጋዜጣ ላይ አንድ ሳምንት ሰነበተ፤ የተቆረጠው ቦታ ቅርፊት ያዘ። ከዚያ ከግንባታ የተረፈ ሻካራ አሸዋ ከአፈር ጋር ቀላቅለው፣ ሥሩ የተበሳ ማሰሮ ውስጥ አቆሙት። ውሃ የሰጡት በጥቂቱ፣ አፈሩ ጭልጥ ብሎ ሲደርቅ ብቻ ነው። ፈረቃ የለመደ የኮንዶሚኒየም ሰው ይህ አይከብደውም። የሞቱትን የታች ቅጠሎችም ለቅመው ጣሉ፤ ጥጥ የሚመስለው ነጭ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከግንዱ የተላቀቁ ጥቂት ጤነኛ ቅጠሎችን አሸዋ ላይ አስተኟቸው። ግማሾቹ በሰበሱ፣ ሁለቱ ከሥራቸው ጥፍር የምታህል አበባ አወጡ።

የቀረው ጉቶ ግን ለዓይን ያስጠላ ነበር። ጥቂት ቅጠል የተንጠለጠለበት ደረቅ እንጨት። ልጅቱ ይጣል አለች። ሲስተር ከመስኮቱ ሥር አቆሙት፤ ማለዳ ማለዳ መነጽራቸውን አድርገው ያዩታል፣ ድሮ ክፍል እየዞሩ በሽተኛ እንደሚያዩት። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ከጎኑ ሦስት ቦታ አበጠ። ቡቃያ ነበር።

ራሱ ሥር ሰድዶ ሲጠነክር ሲስተር ታክሲ ይዘው ጀሞ ሄዱ። የእትዬ ልጅ በሩን ስትከፍት ሰላምታ ሳያስቀድሙ ማሰሮውን አስያዟት። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው አለቀሱ፤ ቡናውም ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ።

ሲመለሱ ልጃቸው ጠየቀቻቸው። "እማዬ፣ ቆንጆውን ሰጥተሽ ጉቶውን ለራስሽ?"

"እሳቸው የሰጡኝ ሥሩን ነው" አሉ።

አሁን ጉቶው በረንዳው ወለል ላይ፣ ከብረቱ ውስጥ፣ በሽቦ ታስሮ ተቀምጧል። ከሦስቱ ቡቃያ አንዱ ለአንደኛ ፎቅ ተብሏል። የዚያ ቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደረጃውን ወጥቶ ያያታል፣ አድጋ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጣቱን ወደ ነጩ ዱቄት ሲሰድ ግን ሲስተር ከወጥ ቤት ሆነው ይጮኹበታል።