ከመኪናው ወዲያ

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ የሰቆጣ መምህር የጉዞውን ዕቅድ ይጽፍ የነበረው በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ነው። ከዘመድ የተዋሰው ላንድክሩዘር ከደጃፉ ቆሟል፤ ናፍጣው በጀሪካን፣ ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ውሃውና ቆሎው ሁሉ ተሰናድቷል። ዝናቡ አልፎ መንገዱ ደርቋልና ጊዜውም የተመቸ ነበር። የቀረው አንዲቱን ቀን መሸንሸን ብቻ ነው፤ ማለዳ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፣ ረፋዱ ላይ የብልባላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ቀትር ላይ ላሊበላ፣ ከዚያም ወደ ማታ የአቡነ ዮሴፍ ተራራና አውሬዎቹ።

አውሬዎቹ በመጨረሻ መምጣታቸውን ያስተዋሉት አባቱ ናቸው። ልጃቸው ዕቅዱን ጮክ ብሎ ሲያነብ አዳምጠው፣ «ቀይ ቀበሮውን ልታሳየኝ ነው ወይስ መንገዱን?» አሉት።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። አዛውንቱ ተወልደው ያደጉት በላስታ ደጋ ነው። በእረኝነታቸው ዘመን ቀይ ቀበሮ ባዩ ቁጥር ለግልገሎቻቸው ሠግተው በወንጭፍ ያባርሩት ነበር። ጋብቻ ወደ ዋግ ካመጣቸው ወዲህ ግን ወደዚያ ተራራ አልተመለሱም። አሁን የግራ ዐይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙም ጀምሮታል። «ሳባርረው የኖርሁትን አንድ ጊዜ ቆሜ ልየው» ማለታቸው ነው የጉዞው ሁሉ መነሻ።

መምህሩ ብዕሩን እንደገና አነሣ። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ በጠቅላላው ቢቆጠር 500 ያህል ነው። በመንጋ ይኑር እንጂ የሚያድነው ለብቻው ነው፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነውና፣ አይጦቹ ፀሐይ ሲሞቃቸው ከጉድጓድ ስለሚወጡ እርሱም በአብዛኛው በቀን ይሠማራል። ጭላዳ ደግሞ ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣና ሣሩን እየነጨ ይውላል። እንግዲህ ሁለቱንም ለማየት የሚሻ ሰው ጠዋቱን ከተራራው ላይ ሊገኝ ይገባዋል እንጂ በብልባላ መንገድ ላይ አቧራ ሲጠጣ አይደለም። ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ተሰረዘ፤ ብልባላም ተከተለ። ላሊበላ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ብቻ ሆነች፤ ይህን ሲጽፍ መምህሩ እንደ ማማተብ ቃጥቶት ነበር። ዳሩ ግን ከአለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ከስፍራው አይሄድም።

ሌላው ስሕተት መኪናው ነው። መምህሩ ያነበበው ሁሉ ስለ ኬንያና ስለ ታንዛኒያ ሜዳዎች ነበር፤ በዚያ እንግዳ ከወንበሩ ሳይነሣ አንበሳ ያያል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ፓርክ መኪና እስከ ጨነቅ ይዘልቃል። አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርስ፣ የአካባቢው ሕዝብ የሚጠብቀው ተራራ ነው፤ መኪናው ከግርጌው ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጅብራውና ጓሳው ወዳለበት የሚያወጣው እግር ነው። የአዛውንቱ ጉልበት ደግሞ ይህን አይችልም።

መምህሩ ይህን ለመናገር አፍሮ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሲነግራቸው አባቱ ሣቁ። «በቅሎ የለም እንዴ?»

ከሁሉ የከበደው የውሻው ነገር ሆነ። አዛውንቱ ያለ ውሻቸው የትም አይሄዱም። መምህሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተ የእብደት በሽታ ስንቱን ቀይ ቀበሮ እንደ ፈጀ ያውቅ ነበርና ነገራቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፤ የእርሳቸው ውሻ ጤነኛ መሆኑን ማሉ። ማምሻውን ግን በራሳቸው አፍ፣ «እኔ በወንጭፍ ያልፈጀሁትን ውሻዬ በለሐጩ ሊፈጅልኝ ነው? እሰረው» አሉ።

ውሻው ከጎረቤት ግቢ እያላዘነ መኪናው በጋዝጊብላ መንገድ ወጣ። አዛውንቱ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ልጃቸው የተዋሰውን አቅራቢ መነጽር ገና ከከተማው ሳይወጡ በቀኝ ዐይናቸው ላይ ይሞክሩት ነበር።