በጆሃንስበርግ የሴቶች ወህኒ ቤት

ጆሃንስበርግን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ወርቋ ነው። እኔ ግን ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ፣ በከተማዋ ኮረብታ ላይ ያለውን የቀድሞ የሴቶች ወህኒ ቤት ለማየት ቸኰልሁ።

ቤቱ በቀይ ጡብ የተሠራ ነው። በ1983 ተዘግቶ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከበሩ ሲገቡ ብርሃን ከላይ የሚወርድበት ክብ አዳራሽ ይቀበላል፤ እንግዳ ሰው ካልተነገረው በቀር ወህኒ ቤት አይመስለውም።

እዚህ ከታሰሩት ጥቁር ሴቶች የብዙዎቹ ጥፋት የይለፍ ወረቀት አለመያዝ፣ ወይም እንደ እኛ ጠላ ያለ መጠጥ በቤታቸው መጥመቅ ነበር። ልጅን ውጭ ትቶ መታሰር ለእናት ምን ያህል ጭንቀት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

በ1976 ያለ ፍርድ ከታሰሩት መካከል ወይዘሮ ፋጢማ ሚርና ወይዘሮ ዊኒ ማንዴላ ይገኙበታል። የማኅበራዊ ኑሮ ምሁር የነበሩት ወይዘሮ ፋጢማ፣ በ113 ቀን እስራቸው የእስረኞቹን የዕለት ኑሮ በድብቅ ይሥሉ ነበር፤ ሥዕሎቹም ተሸሽገው ወጥተው እስከ ዛሬ ኖረዋል። እጅ ሥራ ሲያገኝ ልብም ማረፊያ ያገኛል።

ወይዘሮ ዊኒ ግን ከዚያ ቀደም ሥራም ጓደኛም የሌለበትን እስር ቀምሰዋል። በ1969 ተይዘው፣ ከጆሃንስበርግ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በፕሪቶሪያ 491 ቀን ሲታሰሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ነው። አንድ ቀን በክፍላቸው ሁለት ጉንዳኖች አግኝተው ቀኑን ሙሉ ከእነርሱ ጋር ሲጫወቱ እንደ ዋሉ ተናግረዋል። ሰው ሰው ሲያጣ ጉንዳን ይናፍቃል።

ባለቤታቸው ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወደ አገራችን መጥተው የጦር ትምህርት የተማሩ ናቸው። በ2015 የጸደቀውና በስማቸው የተጠራው የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ እስረኛን ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ለብቻው መዝጋትን ይከለክላል። አሥራ አምስትን ከ491 ጋር እያነጻጸርሁ ከግቢው ወጣሁ።

እናቴ የታሰረች ጎረቤታችንን ለመጠየቅ ስንቅ ይዛ ስትሄድ፣ «ምግቡን በሰው ብትልኪላት ምናለበት?» እላት ነበር። እርስዋም ዝም ብላ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። ጎረቤታችን ትጠብቅ የነበረው ምግቡን ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ በዚያ ኮረብታ ላይ ነው።